ኩይሳና ወንፈል

ምስጥ በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ መልካም ስም የለውም። ቤት ያፈርሳል፤ ጎተራ ይቦረቡራል፤ ጣውላውንና ብራናውን ከውስጥ በልቶ ቅርፊቱን ብቻ ያስቀራል። ከዚህም የተነሣ ስሙ የነፍሳት መጠሪያ ከመሆን አልፎ የስድብ መሣሪያ ሆኗል። በማኅበር መካከል ተሰግስጎ ማኅበሩን ውስጥ ውስጡን የሚያፈርስ ሰው “ምስጥ” ይባላል። ከመጠን ያለፈ ብዛት ሲታይም “እንደ አሸን ፈላ” ይባላል፤ አሸን ደግሞ ሌላ ሳይሆን ዝናም ሲጥል ከመሬት ፈልቆ የሚበረው ክንፋሙ ምስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ የተጠላ ፍጡር በጎጆው ውስጥ የሚኖረው ኑሮ በቅርብ ሲመረመር ከስድቡ ጋር የማይጣጣም ነገር ይገኝበታል። በኩይሳው ሥር የሚካሄደው ምርት የአንድ ፍጡር ሥራ አይደለም። ምስጡ፣ እንጉዳዩና ለዓይን የማይታዩት ረቂቅ ተሕዋስያን በአንድነት የሚያከናውኑት ነው። ይህን ያዩ ብዙ ጸሐፊዎች ከኩይሳው ለሰው ልጅ ትምህርት ለመቅዳት ሞክረዋል። ለመሆኑ መተባበር በራሱ መልካም ነገር ነውን? የተፈጥሮ ፍጥረታት ተባብረው መታየታቸውስ በሰው ላይ የመተባበር ግዴታ ይጥላልን? ወይስ የሰው ልጅ ትብብር መልካም ለመባል ኩይሳው የማያውቀው ሌላ መለኪያ ያስፈልገዋል?

ይህን ጥያቄ ለማንሣት ደጀን የተመቸ ሥፍራ ነው። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የተቀመጠችው ይህች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ በአንድ ወገን የጤፍና የስንዴ ደጋ፣ በሌላ ወገን ሙቀቱ የሚያይል የዓባይ ቆላ ተዘርግቶላታል። ድልድዩ የሚገኝበት የሸለቆው ወለል ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከአፋፉ በተወረደ መጠን ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀት ወዳድ የሆነው ምስጥም ይበረታል። በላይኛው ደጋ የጤፍ እርሻ፣ በታችኛው ቆላ ደግሞ የምስጥ እርሻ አለ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

“የምስጥ እርሻ” የሚለው አነጋገር ዘይቤ ብቻ አይደለም። ምስጥ ሁሉ ግን ገበሬ አይደለም። እንጉዳይ የሚያለሙት ማክሮተርሚቲኔ በሚባለው ንዑስ ቤተሰብ የሚመደቡት፣ ቁጥራቸው ከ300 በላይ የሆነ ዝርያዎች ናቸው። ይህ ኑሮ የተጀመረው በአፍሪካ ደን ውስጥ ሲሆን ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደሚሆን ይገመታል። የሰው ልጅ መሬት ማረስ የጀመረበት ዘመን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እንደ ትናንት የሚቆጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ ዝርዝር በኢትዮጵያ 61 የምስጥ ዝርያዎችን መዝግቧል። ከእነዚህም መካከል ትልልቅ ኩይሳ የሚገነባው ማክሮተርምስ፣ እንዲሁም ኦዶንቶተርምስና ማይክሮተርምስ የተባሉት ወገኖች እንጉዳይ አልሚዎች ናቸው።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሠራተኞች ከጎጆው ወጥተው ደረቅ ሣር፣ ገለባ፣ የወደቀ ቅጠልና እንጨት ያመጣሉ። ወጣቶቹ ሠራተኞች በውስጥ ሆነው ይህን ቀለብ ከእንጉዳዩ ዘር ጋር አብረው ይበሉታል። ምግቡ በወጣቱ ምስጥ አንጀት ፈጥኖ ያልፍና ከዘሩ ጋር እንደ ተደባለቀ ሰፍነግ መስሎ በተጠማዘዘው ድልድል ላይ ይከመራል። ይህም ለእንጉዳዩ የታረሰና የተዘራ ማሳ ማለት ነው። ቴርሚቶማይሲስ የሚባለው እንጉዳይ በዚያ ላይ ያድጋል፤ ምስጡ ብቻውን በቀላሉ ሊፈጨው የማይችለውን ጠንካራውን የእንጨት ክፍል ያላላል፤ ነጫጭ ፍሬዎችንም ያፈራል። ወጣቶቹ ፍሬዎቹን ይበላሉ፤ በፍሬዎቹም ውስጥ ለሚቀጥለው ማሳ የሚሆነው ዘር አለ። ከሳምንታት በኋላ የበሰለውን አሮጌ ድልድል አሮጌዎቹ ሠራተኞች ይመገቡታል። ከላይ ሲዘራ ከታች ይታጨዳል፤ እርሻውም አያቋርጥም።

ሦስተኛው ባልደረባ በጣም ዘግይቶ የታወቀ ነው። በምስጡ አንጀት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የባክቴሪያ ዓይነቶች ይኖራሉ። የእንጉዳዩን ግድግዳና የተረፈውን የዕፅዋት ክፍል በማብላላት የበኩላቸውን ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት፣ ማክሮተርምስ ናታሌንሲስ በተባለው የደቡባዊ አፍሪካ ምስጥ የዘር መዝገብ ላይ ተመሥርቶ፣ እንጉዳዩ ከባዱን የእንጨት ክፍል ሲያፈርስ የአንጀት ባክቴሪያዎቹ የመጨረሻውን ማብላላት እንደሚያከናውኑ አሳይቷል። ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ባሲለስ ከተባሉት ባክቴሪያዎች አንዱ፣ እንክርዳድ ሆኖ ማሳውን የሚወርረውን ፕሱዶክሲላሪያ የተባለ ፈንገስ የሚያዳክም መድኃኒት እንደሚሠራ ገልጿል። ስለዚህ ከሠራተኛው፣ ከወታደሩና ከንግሥቲቱ ሌላ፣ ማንም ሳያያቸው ማሳውን የሚያርሙ ረዳቶች በጎጆው አሉ ማለት ነው።

ቤቱም ራሱ የሥራው አካል ነው። እንጉዳዩ ሲያድግ ሙቀት ያመነጫል፤ የታፈነ አየርም ይለቃል። ኩይሳው በውስጡ ባሉት ቧንቧዎችና በቀዳዳማ ግድግዳው አማካይነት የታፈነውን አየር ያስወጣል። በትልልቆቹ የማክሮተርምስ ጎጆዎች ውስጥ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጸናል። ውጭ ቀኑ ቢግል፣ ሌሊቱም ቢበርድ፣ ውስጥ ያለው ማሳ ብዙም አይናወጥም።

ይህ ሁሉ ለደጀን ሰው እንግዳ መስሎ ቢታይም፣ ተመሳሳዩ በየቤቱ በሊጥ ዕቃ ውስጥ ይገኛል። የጤፍ ዱቄት ተቦክቶ እንጀራ የሚሆነው በእርሾ ነው። እርሾ ደግሞ ለዓይን የማይታዩ ሕያዋን፣ ማለትም እርሾ ፈንገሶችና ሊጡን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎች፣ አብረው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። ባልትና የምታውቅ ሴት ከዛሬው ሊጥ ላይ ለነገ የሚሆን ታስቀራለች። እርሾዋ የተበላሸባት ከጎረቤቷ ትዋሳለች። አዲስ ጎጆ የወጣችውም ከእናቷ ቤት ይዛ ትሄዳለች። በምስጡም ዘንድ እነዚህ ሁለት መንገዶች ይገኛሉ። ከአሸኑ መካከል ጥንድ ሆነው አዲስ ጎጆ የሚመሠርቱት የአብዛኞቹ ዝርያዎች ወላጆች የእንጉዳይ ዘር ይዘው አይሄዱም፤ የመጀመሪያዎቹ ልጆቻቸው ውጭ ከበቀለው እንጉዳይ የተበተነውን ዘር ለቅመው ያመጣሉ። በማክሮተርምስ ቤሊኮሰስ ግን ንጉሡ፣ በማይክሮተርምስ ደግሞ ንግሥቲቱ ዘሩን ከወላጆች ጎጆ በአንጀት ይዘው ይወጣሉ። አንዱ ይዋሳል፤ ሌላው ይወርሳል።

እንግዲህ በዚህ ቤት ጌታው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጠው መልስ ስለ ምስጡ ከሚናገረው ይልቅ ስለ መላሹ ዘመን የሚናገረው ይበልጣል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ስሚዝማን እ.ኤ.አ. በ1781 ስለ አፍሪካ ምስጦች የጻፈውን ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ሲያቀርብ በኩይሳው ውስጥ ያየው ንጉሥና ንግሥትን፣ ወታደርና ሠራተኛን ነው። የሚኖርበት ሥርዓት ይኸው ነበርና። ፒዮትር ክሮፖትኪን እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው የመረዳዳት መጽሐፉ ምስጥን ከጉንዳንና ከንብ ጋር አሰልፎ፣ የመረዳዳት ኃይል ከፉክክር ኃይል እንደማያንስ ምስክር አደረገው። ቤልጅጋዊው ሞሪስ ሜተርሊንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1926 በዚያው ጎጆ ውስጥ ግለሰብ ሙሉ በሙሉ የተዋጠበትን አስፈሪ መንግሥት ተመለከተ። ሦስቱም አንድ ኩይሳ አዩ፤ ሦስቱም ሦስት የተለያየ የሰው አገር አነበቡበት።

ነገሩ በቅርብ ሲታይ ግን የተባለው ንጉሥም ሆነ የተባለችው ንግሥት ትእዛዝ ሰጪ አይደሉም። ንግሥቲቱ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠሩ እንቁላሎች የምትጥል እናት እንጂ አዛዥ አይደለችም። ፈረንሳዊው ፒየር ፖል ግራሴ እ.ኤ.አ. በ1959 እንደ ገለጸው፣ ሠራተኛው ሥራውን የሚማረው ከሥራው ነው። አንዱ የጣለው የጭቃ እንክብል ሌላውን ቀጣዩን እንዲጥል ይቀሰቅሰዋል፤ ዓምዱም ማንም ሳያቅደው ይቆማል። ከዚህም ባሻገር ምስጡ እንጉዳዩን አለማ ሲባል፣ እንጉዳዩ ምስጡን አለማ ማለትም ይቻላል። እንጉዳዩ ቤት የሚሠራለት፣ ቀለብ የሚያመላልስለት፣ ጠላቱን የሚያርምለት ሎሌ አግኝቷልና። ጌታና ሎሌ የሚለው የሰው ቋንቋ እዚህ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይሰነካከላል።

መተባበር የሚለውም ቃል እንዲሁ በጥንቃቄ ካልተያዘ ያሳስታል። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1879 ሲምባዮሲስ የሚለውን ስም ሲያብራራ፣ የማይመሳሰሉ ሕያዋን አብረው መኖራቸውን ብቻ ነበር ያመለከተው። በዚህም ትርጉም ውስጥ ጥገኛ ተባይ በባለቤቱ ላይ የሚኖረው ኑሮ ጭምር ይገባ ነበር። አብሮ መኖር ገና መልካም መሆን አይደለም። መዥገርም ከበሬው ጋር አብሮ ይኖራል።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ የጉዳዩ ዋና መጋጠሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው በአንድ የምስጥ ጎጆ ውስጥ የሚለማው እንጉዳይ አንድ ዘር ብቻ ነው። ሌላ ዘር ቢገባም በአዘራሩ ሂደት እየተገፋ ይጠፋል፤ የትብብሩ ጽናትም በዚህ አንድ ወጥነት ላይ የተመሠረተ ነው። በአንጀቱ ውስጥ ግን ተቃራኒው ይታያል፤ ብዙ መቶ ዓይነት ባክቴሪያ ካልተሰባሰበ ሥራው አይሠራም። እንግዲህ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እንዲያስብ የሚፈልግ አደራጅ እንጉዳዩን ለምስክርነት ሊጠራ ይችላል። የሐሳብና የሥነ ጥበብ ብዝኃነት ወዳጅም አንጀቱን ሊጠራ ይችላል። ሁለቱም ምስክር ያገኛሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ለሁለት ተከራካሪዎች እኩል የሚመሰክር ምስክር ግን ዳኛውን አይረዳም።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 እና በ1740 ባወጣው ሥራው ያሳየው ችግር ይኸው ነው። ጸሐፊዎች “ነው” እያሉ ሲናገሩ ቆይተው፣ ድልድዩን ሳያሳዩ “ይገባል” ወደሚለው ማዶ ይሻገራሉ። ኩይሳው “ነው” የሚለውን በብዛት ያስተምራል፤ “ይገባል” የሚለውን ግን ከውስጡ ማውጣት አይቻልም። ምስጡ አሻፈረኝ ማለት አይችልም። እንጉዳዩ ድርሻዬ አነሰ ብሎ አቤት አይልም። ባክቴሪያውም መድኃኒቱን የሚሠራው ለጎጆው አዝኖ አይደለም። መልካምነት ግን ክፉውንም ለማድረግ መቻልን፣ እንቢ ለማለትም ሥልጣን መኖርን ይጠይቃል። እንቢ ማለት የማይችል ፍጡር እሺታው ምስጋና አይገባውም።

የሰው ልጅ ትብብር የሚመዘነው እንግዲህ በሰው ልጅ ታሪክ ነው። ለዚህም ጎጃም የራሷ የሆነ በቂ ምስክር አላት። የጎጃም ገበሬ ጥንቱንም መተባበርን ያውቃል። ወንፈል የሚባለው ሥርዓት ቀን በቀን የሚመለስበት የጉልበት ልውውጥ ነው። ዛሬ በአንዱ ማሳ ጎንበስ ያለ ነገ በእርሱ ማሳ ይጎነበስለታል። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ የሚቆጥረውም ሠራተኛው ራሱ ነው። ደቦ ደግሞ ባለ ሥራው ደግሶ ጎረቤቱን የሚጠራበት ነው። ጉልበት የሌላት መበለት ወይም በሕመም የተኛ ሰው አዝመራው እንዳይበላሽ መንደርተኛው ወጥቶ ሲያጭድለት፣ ነገ ጉልበቱ ይመለስልኛል ብሎ አይደለም። ይህ ከልውውጥ ሒሳብ ውጭ የሆነ ግዴታ ነው፤ ሰው ሰውን ስላየ ብቻ የሚነሣ።

ይኸው መተባበርን የሚያውቅ ገበሬ ሳይጠየቅ በላዩ የመጣን ነገር እንዴት እንደሚቀበል ግን ሁለት ጊዜ ታይቷል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ልኬታው ርስቱን የሚነካ መስሎ የታየው የጎጃም ገበሬ በብዙ ወረዳዎች በዐመፅ ተነሣ። ከ1971 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ መልባ፣ ወልባና ወላንድ በተባሉ ደረጃዎች የገበሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በመላ አገሪቱ ተቋቋሙ። የትብብር ዓላማቸው በወረቀት ላይ ከወንፈል እጅግ የሰፋ ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን አውጆ አባላቱ ቢፈልጉ ማኅበራቱን ለማፍረስ እንደሚችሉ በተገለጸ ጊዜ ግን፣ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ወንፈልና ደቦ ግን አዋጅ አላቆማቸውም፤ አዋጅም አላፈረሳቸውም።

ይህ ታሪክ ገበሬው መተባበርን እንደሚጠላ አያስረዳም። የሚያስረዳው ትብብር ሰብአዊ የሚሆንባቸውን ሦስት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ ተባባሪው እንቢ ማለት መቻሉ። ሁለተኛ፣ የሰጠውና የተቀበለው በራሱ ዓይን የሚለካ መሆኑ። ሦስተኛ፣ መስጠት ያልቻለው ከማኅበሩ አለመውደቁ። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት፣ ምርቱ ቢበዛ፣ ሰልፉም ቢያምር፣ ሰውን ወደ ኩይሳ ማውረድ እንጂ ወደ ኅብረት ማሳደግ አይሆንም። ሰውን “ምስጥ” ብሎ መስደብ ክፉ ነው። ሰውን እንደ ምስጥ አድርጎ ማመስገንም፣ ማለት ስለማይጠይቅና ስለማያጉረመርም ማወደስ፣ ከስድቡ እምብዛም አይርቅም።

ታዲያ ኩይሳው ለሥነ ምግባር ምንም ፋይዳ የለውምን? አለው። ግዴታን አያስተምርም፤ ዓይንን ግን ይከፍታል። ለረጅም ዘመን የጎጆው ምስጋና ሁሉ ለንግሥቲቱ ሲሰጥ ኖሮ፣ ማሳውን የሚያርመው ባክቴሪያ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ስም እንኳ አልነበረውም። በሰው ኅብረተሰብም ውስጥ እንዲህ ያለ የማይታይ ሥራ ሞልቷል። እርሾውን ከትውልድ ትውልድ ያሻገረችው ሴት በየትኛው የታሪክ መጽሐፍ ተጠቅሳለች? የጤፍ አገር የሚባለው ምድር እንጀራውን ያገኘው በራሹ እጅ ብቻ ሳይሆን፣ በሊጡ ዕቃ አጠገብ ስታነጋ በነበረችው እናት እጅም ጭምር ነው።

የዕውቀት ጉድለት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በምዕራብ ወለጋ ምስጥ ሰብልንና ቤትን ክፉኛ በጎዳበት ወቅት፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየኩይሳው አልድሪን የተባለ መርዝ የመጨመር ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ይህ መርዝ በመሬት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይና በሕያዋን አካል የሚከማች በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰኑት መካከል ሆኗል። በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ችግሩ ከመሬቱ መራቆት ጋር የተሳሰረ መሆኑን አመልክተዋል። ሣሩ በከብት ብዛት ሲጋጥ፣ ደኑም ሲመነጠር፣ ደረቅ ቅጠል ያጣው ምስጥ ወደ ሰብሉና ወደ ቤቱ ምሰሶ ይዞራል። ስለዚህ ምስጡ የመሬቱ መጎዳት ምክንያት ብቻ ሳይሆን ምልክትም ነው።

ቤቱ የሚፈርስበት ገበሬ ምስጡን እንዲያፈቅር መስበክ ግብዝነት ይሆናል። ጎተራውን የመጠበቅ መብቱ ሙሉ ነው። ነገር ግን ይኸው ፍጡር በሌላ ሥፍራ አፈሩን ይገለብጣል፤ ውኃ ወደ ምድር እንዲሰርግ መንገድ ይከፍታል። በደጋው “የጅብ ጥላ” ተብሎ የሚታለፈው እንጉዳይ በደቡብ ምዕራብ ደን ለሚኖሩት ማጃንጎች የተወደደ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከዛምቢያ የተገለጸው የዚሁ ወገን እንጉዳይ ጃንጥላው እስከ 1 ሜትር ይሰፋል። ጠላትን ሳያውቁ መምታት ከጠላቱ ጋር ወዳጅን፣ ከዛሬውም ጋር ነገን መምታት ነው። ሰው ከምስጡ የሚለይበት አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ ምስጡ የሚያደርገውን አያውቅም፤ ሰው ግን ለማወቅ ይችላልና ባለማወቁም ይጠየቃል።

መምህሩ ለተማሪዎቹ ኩይሳውንና የሊጡን ዕቃ ጎን ለጎን አድርጎ ቢያሳያቸው፣ ሳይንስ ከቤታቸው የራቀ ነገር አለመሆኑን ያውቃሉ። ሠዓሊውና ጸሐፊው ከዓምዱ ጫፍ ይልቅ ማሳው ወደሚታረምበት ጨለማ ቢመለከት ገና ያልተነገረ ጀግና ያገኛል። ሕዝብ የማደራጀት ኃላፊነት ያለበት ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩ አንበሳውን ልሰር ወይስ አልሰር ተብሎ አይጠየቅም። ሰው ይጠየቃል። የሰው ልጅ ኅብረት ክብሩም ጽናቱም የሚገኘው በዚህች በአንዲቱ ነገር፣ በመጠየቁ ላይ ነው።